ከ179 ተማሪዎች 8፦ የካሊፎርኒያው የንባብ ክስና የወለደው ድጎማ

በሎስ አንጀለስ፣ ላ ሳል አቬኑ በሚባለው የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ዓመት ከተፈተኑት 179 ተማሪዎች ለክፍላቸው የተቀመጠውን መስፈርት ያሟሉት 8 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የሰፈረው በክስ ማመልከቻ ላይ ነው። በዲሴምበር 2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተማሪዎች፣ የወላጆችና የመምህራን ጠበቆች የካሊፎርኒያን ግዛት፣ የግዛቱን የትምህርት ቦርድና የትምህርት መሥሪያ ቤቱን ከሰሱ። ክሱ ለአንዷ ሕፃን በተሰጠ ምስጢራዊ ስም «ኤላ ቲ» ተብሎ ይታወቃል። ልጆቹ የጠየቁት ማንበብ እንዲያስተምሯቸው ነው።

ብዙ ሰው «ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቢያገኝ ይሻሻል ነበር» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ስንት ገንዘብ ፈሶ ምን ተገኘ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሱት ማስረጃ አያጡም። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ በደንብ ስለሚያሳይ ነው። ከክሱ የተገኘው ገንዘብ በካሊፎርኒያ በጀት ሲለካ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ፣ በምን ላይ እንደሚውልና ዕቅዱን ማን እንደሚያየው አስቀድሞ ተወስኖ ወጣ። ለውጡን ያመጣው ይህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክሱ

በማመልከቻው የተጠቀሱት ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው፤ ላ ሳል፣ በስቶክተን ከተማ የሚገኘው ቫን ቢዩረን፣ እና በኢንግልዉድ የነበረ አንድ ቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራ)። የሚማሩባቸው ልጆች በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ከከሳሾቹ አንዷ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። አምስተኛ ክፍልን ስትጨርስ የንባብ ችሎታዋ ሦስተኛ ክፍልን ገና ከጀመረ ልጅ አይበልጥም ነበር። በላ ሳል ለዓመታት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርም ከልጆቹ ጎን ቆመው ከሰሱ። ጠበቆቹ ፐብሊክ ካውንስል ከተባለው በነፃ የሚሟገት ድርጅትና ሞሪሰን ኤንድ ፎርስተር ከተባለው የሕግ ቢሮ ነበሩ። በማመልከቻቸው መሠረት ከአሜሪካ ትልልቅ የትምህርት ዲስትሪክቶች (የአንድን አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩ አካላት) መካከል በውጤት ከሁሉ ዝቅ ካሉት 26ቱ ውስጥ 11ዱ የሚገኙት በካሊፎርኒያ ነው። ይህች ግዛት የሲሊከን ቫሊና የሆሊዉድ አገር ናት።

ለምን ዲስትሪክቱን ትተው ግዛቱን ከሰሱ? የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ትምህርት የሚለውን ቃል አያነሳም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973 ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ወስኗል። የካሊፎርኒያ ግን የተለየ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በሴራኖ ጉዳይ ትምህርት መሠረታዊ መብት መሆኑን አረጋገጠ። በ1992 ደግሞ በሪችመንድ አካባቢ አንድ ዲስትሪክት ገንዘብ አልቆበት ዓመቱ ሳይፈጸም ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ትምህርት ቤቶቹን ሊዘጋ ሲል፣ ይኸው ፍርድ ቤት ግዛቱ ጣልቃ እንዲገባ አዘዘ። ልጁ በየትኛውም ዲስትሪክት ቢኖር የእኩል ትምህርት የመጨረሻው ኃላፊ ግዛቱ ነው ማለት ነው። የኤላ ቲ ጠበቆች በዚህ ላይ አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ የትምህርት ቤቱ በር ክፍት ሆኖ ልጁ ውስጥ ገብቶ ማንበብ ሳይማር የሚወጣ ከሆነ፣ በሩ ከተዘጋበት ልጅ በምን ይለያል?

ግዛቱ በበኩሉ የሚለው ነበረው። በ2013 ካሊፎርኒያ የትምህርት ገንዘብ አከፋፈሏን ከሥር ቀይራለች። በአዲሱ ቀመር ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጣ፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ወይም በአሳዳጊ ቤት ለሚኖር ልጅ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል፤ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ዲስትሪክቱ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። በግዛቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ያለ ባለሥልጣን ስለ ስቶክተን ልጅ ከስቶክተን መምህር የተሻለ አያውቅም። ሆኖም ይህ አሠራር ለግዛቱ መሸሸጊያም ሆነ፤ ገንዘቡን ሰጥተናል፣ የቀረው የእናንተ ነው ማለት ቀለለ። ከሳሾቹ የያዙት ነጥብ ይህ ነው። ግዛቱ ራሱ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2012 የንባብ ትምህርት አስቸኳይ ትኩረት እንደሚያስፈልገው የሚናገር ዕቅድ አዘጋጅተው አስረክበው ነበር። ዕቅዱ ሥራ ላይ አልዋለም ሲሉ ከሰሱ።

ግዛቱ ክሱ ውድቅ እንዲሆን ጠየቀ፤ በ2018 ዳኛዋ አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ቀጥሎ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ 53 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች፣ 3 ሚሊዮኑ እነሱን ለሚያግዝ የባለሙያ ተቋም የሚውል ነበር።

ቀኑን ልብ በሉ። በሚቀጥለው ወር የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። በሜይ ወር አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም የ54 ቢሊዮን ዶላር የበጀት ጉድለት እንደሚጠብቃቸው ይፋ አደረጉ። የስምምነቱ ገንዘብ እንዲወጣ ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት በበጀት ሕጉ ማጽደቅ ነበረበት። በዚያ ሰሞን ብዙ መልካም ዕቅድ ከበጀት ተሰርዟል፤ ይሄ ግን በጁን 2020 በጀት ውስጥ ገባ። ከፍርድ ቤት የመጣ ስምምነት መሆኑ አስገዳጅ ክብደት ሰጥቶት ይመስለኛል። ሆኖም ስምምነት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የዲትሮይት ልጆች ያውቁታል። እነሱም በ2016 ሚሺጋንን ለዚሁ ለማንበብ መብት ከሰው፣ በሜይ 2020 ተስማምተው፣ አገረ ገዥዋ ለዲትሮይት የንባብ ትምህርት 94.4 ሚሊዮን ዶላር ምክር ቤቱን እንደሚጠይቁ ቃል ገብተውላቸው ነበር። ምክር ቤቱ ገንዘቡን ያጸደቀው በ2023 ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ አራተኛ ክፍልን ጨርሷል።

ገንዘቡ እንዴት እንደተዋቀረ

የድጎማው ስም ኧርሊ ሊተረሲ ሰፖርት ብሎክ ግራንት ነው። ከዚህ በኋላ ድጎማው እለዋለሁ።

መጀመሪያ የተወሰነው ለማን እንደሚሰጥ ነው። በካሊፎርኒያ ወደ 10,000 የሚጠጉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። 50 ሚሊዮኑ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 5,000 ዶላር ይደርሰው ነበር፤ ያም ለአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያና ለአንድ ቀን ስልጠና ይሆናል። ስለዚህ ሦስተኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት ፈተና ከሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የወደቁ ልጆች በብዛት ያሉባቸው 75 ትምህርት ቤቶች ብቻ ተመረጡ። በአማካይ ለአንድ ትምህርት ቤት ከ660,000 ዶላር በላይ ይሆናል። በካሊፎርኒያ የአንድ ልምድ ያለው መምህር ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ከ100,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነውና፣ ድምሩ ሲሰማ የሚያስደንቅ ቢመስልም አንድ የንባብ አሰልጣኝ፣ አንድ ሁለት ረዳት፣ መጻሕፍትና ስልጠና ቢያስችል ነው። መለያው የድህነት መጠን ሳይሆን የንባብ ውጤት መሆኑም ልብ የሚባል ነው። ድሃ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ሁሉ ደካማ አይደለም፤ ድጎማው ወደ ችግሩ በቀጥታ ሄደ።

ሁለተኛው ውሳኔ ለማየት አሰልቺ፣ ለውጤቱ ግን ወሳኝ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ቼኩን ተቀብለው ወዲያው ማውጣት አልተፈቀደላቸውም። የመጀመሪያው ዓመት፣ 2020–21፣ የዕቅድ ዓመት ሆነ። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራኑና ወላጆች ተቀምጠው ልጆቹ የማያነቡበትን ምክንያት ከሥሩ መመርመር ነበረባቸው። ከአምናው ስብሰባ የተቀዳ «የወላጅ ተሳትፎ ማነስ» የሚል መልስ አይበቃም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል በየክፍሉ ምን ይማራሉ? በየትኛው መጽሐፍ? ልጁ የፊደል ድምፅ እንዳልያዘ መምህሩ የሚያውቀው መቼና በምን ፈተና ነው? ካወቀስ በኋላ ማን ምን ያደርጋል? ከዚህ ምርመራ የሦስት ዓመት የንባብ ዕቅድ ይወጣል፤ ዕቅዱ በአደባባይ የቦርድ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ይጸድቃል። በዚህ ሥራ የሚያግዛቸው ተቋም የሳክራሜንቶ ካውንቲ የትምህርት ቢሮ ሆኖ ተመረጠ።

ያ ዓመት ልጆች በቤታቸው በኮምፒውተር መስኮት የሚማሩበት ዓመት ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ አፉ በማይታይ መምህር የፊደል ድምፅ ሲማር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየ ሰው ያውቀዋል። ዕቅዱ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል መሠራቱ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ የሚደረገው ታውቆ ነበር።

ሦስተኛው ውሳኔ ገንዘቡ በምን ላይ ሊውል እንደሚችል ነው። የንባብ አሰልጣኝ መቅጠር፣ የመምህራን ስልጠና፣ በጥናት የተደገፈ የንባብ መጽሐፍ፣ ልጁ የት እንደደረሰ የሚለኩ አጫጭር ፈተናዎች፣ ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ የንባብ ባለሙያዎች፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ድጋፍ፣ ለወላጆች የሚሆን ትምህርት። ከዝርዝሩ ውስጥ ምርጫው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከዝርዝሩ ውጭ መውጣት ግን አይቻልም። ግዛቱ ለዓመታት በአንድ ጫፍ ቆሞ «እናንተ ታውቃላችሁ» ሲል ኖሮ ነበር፤ ወደ ሌላው ጫፍ ዘሎ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም አላዘዘም። ግቡንና አጥሩን ራሱ አስቀምጦ በውስጡ ለመምህራኑ ቦታ ተወላቸው። በእኔ እይታ ከዚህ ጉዳይ ሌሎች ሊወስዱት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ አቀማመጥ ነው።

ክፍል ውስጥ ምን ተለወጠ

የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት በአሜሪካ ለአሥርታት የክርክር ሜዳ ሆኖ ኖሯል፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በሜዳው መሐል ነበረች። በ1987 ግዛቱ ያወጣው የትምህርት መመሪያ ልጆች በመልካም ታሪኮች ከተከበቡ ንባብ እንደ ንግግር በራሱ ይመጣል ወደሚለው አመለካከት አዘነበለ። በ1994 በተካሄደው ብሔራዊ ፈተና ካሊፎርኒያ ከግዛቶቹ ሁሉ መጨረሻ አካባቢ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ቢለወጥም በብዙ ክፍሎች የቀረ ልማድ ነበር፤ ልጁ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው «ሥዕሉን ተመልከት፣ የመጀመሪያዋን ፊደል እይ፣ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ማስገመት።

ፊደል ለቆጠረ አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የኔታ ዘንድ ልጁ በስንጥር እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» ሲል እያንዳንዱን ምልክት ከድምፁ ጋር ያስራል። ከቁጥር ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ወደ ውርድ ንባብ፣ በኋላ ወደ ቁም ንባብ ሲያልፍ አንዱን ሳይዝ ሌላውን አይነካም። በቃል የሸመደደ እንዳይመስለው የኔታ ፊደሉን ከመሐል፣ ከግርጌ እያነሳ ይጠይቀዋል። ማስገመት የሚባል የለም። የእንግሊዝኛው ጣጣ 26 ፊደላት ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን መሸከማቸው ነው፤ አንዱ ድምፅ በብዙ መንገድ ይጻፋል፣ አንዱ ፊደል በብዙ መንገድ ይነበባል። ስለዚህ እዚያ ከእኛ ይልቅ በሥርዓት ማስተማር ያስፈልጋል። ሥርዓት ሲጎድል የሚጎዳው ቤቱ በመጻሕፍት ያልተሞላ፣ ወላጁ አስጠኚ መቅጠር የማይችል ልጅ ነው። የሀብታም ልጅ ትምህርት ቤት ያልሰጠውን ከቤቱ ያገኛል፤ በጭፍን የተመረጠ የማስተማሪያ ዘዴ በድሃ ላይ ከባድ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ድጎማውን ያገኙት ትምህርት ቤቶች ወደ ድምፅና ፊደል ግንኙነት፣ ማለትም ፎኒክስ ወደሚባለው ትምህርት፣ በሥርዓት እንዲመለሱ ተረዱ። መዋዕለ ሕፃናት ያለ ልጅ መጀመሪያ ቃሉን በጆሮው ወደ ድምፆች መበጠስ ይማራል። ቀጥሎ ድምፁን ከፊደል ያገናኛል። ቀጥሎ የተማራቸውን ድምፆች ብቻ የያዙ ቀላል መጻሕፍት ያነባል፤ መገመት ሳያስፈልገው ቃሉን በራሱ ኃይል ያወጣዋል። ከዚህ ጎን ለጎን መምህሩ ከልጆቹ አቅም በላይ የሆነ ጥሩ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ያወያያቸዋል፤ ምክንያቱም ፊደሉን አውጥቶ ቃሉን የማያውቅ ልጅም ገና አላነበበም። በየጥቂት ሳምንቱ አጭር ፈተና ይሰጣል፣ ወደኋላ የቀሩት በአነስተኛ ቡድን ይሰበሰባሉ።

የንባብ አሰልጣኝ የሚባለው ሰው ሥራ ብዙ ጊዜ በትክክል አይታወቅም። የአንድ ቀን ስልጠና ሰጥቶ የሚሄድ ባለሙያ አይደለም። መምህሯ ክፍል ውስጥ ገብቶ ትምህርቱን ራሱ ያሳያል፣ በማግስቱ እሷ ስታስተምር ተቀምጦ ያያል፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ያመጡትን ውጤት ይዘው ሁለቱ ይነጋገራሉ። ሚሲሲፒ በ2013 ሕጓ አሰልጣኞችን በግዛቱ ወጪ ቀጥራ ከሁሉ ደካማ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶች ስትልክ የተከተለችው ይህንኑ ነበር፤ በ2019 የአራተኛ ክፍል ልጆቿ ከአገሪቱ አማካይ ደረሱ። ሚሲሲፒ ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ የማያነቡትን ክፍል ታስደግማለች። የካሊፎርኒያው ድጎማ ማንንም ሳያስደግም ነው የሠራው፤ በልጁ ላይ የሚጫን ቅጣት ሳይኖርበት ውጤት መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱ

በ2020 ፈተናው ተቋርጦ ነበር፤ በ2021ም የተፈተኑት ከፊሎቹ ናቸው። ስለዚህ ድጎማው ሥራ ላይ የዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ 2022 እና 2023፣ ከወረርሽኙ በፊት ካሉት ዓመታት ጋር መነጻጸር ነበረባቸው። ይህን የሠሩት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳራ ኖቪኮፍና ቶማስ ዲ ናቸው፤ ጥናታቸው በ2023 መጨረሻ ወጣ። ወረርሽኙ ሁሉንም ልጅ ስለጎዳ «ከድሮው ተሻሻሉ ወይስ ወረዱ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይረዳም። እነሱ ያደረጉት በመስመሩ ማዶ ለጥቂት ያለፋቸውን፣ ማለትም ከ75ቱ በትንሽ የሚሻሉትን ትምህርት ቤቶች ማነጻጸሪያ ማድረግ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ያሉ፣ ድጎማው የማይመለከታቸው የአምስተኛ ክፍል ልጆችንም ጨመሩ።

የሦስተኛ ክፍል የንባብ ውጤት በ0.14 መደበኛ ልይይት ከፍ ብሎ ተገኘ። ለስታቲስቲክስ እንግዳ ለሆነ ሰው፣ አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ከሚማረው ሩብ ያህል ጭማሪ ማለት ነው። በሒሳብም አነስተኛ መሻሻል ታየ፤ ጥያቄውን ማንበብ የቻለ ልጅ መልሱንም ለማግኘት ስለሚቀርብ አያስገርምም። ወጪው በአንድ ተማሪ በዓመት በአማካይ 1,144 ዶላር ነበር። ተመራማሪዎቹ ለተለየ ዓላማ ሳይመደብ በጥቅሉ ለትምህርት ቤቶች ከሚጨመር ገንዘብ ጋር ሲያመዛዝኑት፣ ለወጣው ዶላር የተገኘው ትምህርት 13 እጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያቆሙትን ነገር ልግፋበት። የሩብ ዓመት ጭማሪ ልጆቹን ወደ መልካም አንባቢነት አላደረሳቸውም። መሻሻሉ የታየው በአብዛኛው ከታችኛው ደረጃ ወደ ቀጣዩ በወጡ ልጆች ላይ ነው። በ75ቱ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከድጎማው በኋላም መስፈርቱን አያሟሉም። በመላው ግዛት እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ የሦስተኛ ክፍል ልጆች አያሟሉም። ይህን ስል ድጎማውን ለማሳነስ አይደለም። ሁለት ዓመት የሠራ ሥራ ይህን ያህል ካነሳቸው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሳይቋረጥ ያገኙት ልጆች የት ይደርሱ ነበር ብሎ መጠየቅ የዚህ ቁጥር ትክክለኛ ንባብ ይመስለኛል።

ከቁጥሩ ጀርባ ደግሞ የሚከብድ ነገር አለ። ጥናቱ እንዲህ አሳማኝ የሆነው ከመስመሩ ማዶ የቀሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ነው። 76ኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ከ75ኛው ልጆች እምብዛም አይሻሉም፤ ዕድላቸው ማነጻጸሪያ መሆን ሆነ። ለተመራማሪ የተመቸ ነገር ለእናት መራራ ነው። ፍትሐዊነትን በ75 ትምህርት ቤቶች መጀመር ትክክል ነው እላለሁ፤ በ75 ላይ ማቆም ግን አይደለም።

በአማካይ ውስጥ የሚደበቁት

በካሊፎርኒያ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ወደ 1 ሚሊዮን ይሆናሉ። ከእነዚህ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ በሳን ዲዬጎ በየሰፈሩ ተበትነዋል። ውጤትን በትምህርት ቤት አማካይ የሚመርጥ ድጎማ እንደነሱ ያሉትን በቀላሉ አያገኛቸውም። ትምህርት ቤቱ በጥቅሉ መካከለኛ ከሆነ፣ ሁለት የሐበሻ ልጆች ሦስተኛ ክፍል ላይ እያነበቡ አለመሆኑ በድምሩ ውስጥ ይሰጥማል።

ስለ ሁለት ቋንቋ ልጆች ያለው ክርክር በሕግ አውጪው ምክር ቤትም ትልቅ ነበር። በ2024 ሁሉም ትምህርት ቤት በጥናት የተደገፈውን የንባብ ዘዴ እንዲከተል የሚያስገድድ ረቂቅ ቀርቦ፣ የመምህራን ማኅበሩና የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተሟጋቾች ተቃውመውት ወደቀ። የተሟጋቾቹ ስጋት ፎኒክስ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት የቃል ንግግርንና የቤት ቋንቋን ይረሳል የሚል ነው። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ የእንግሊዝኛን አናባቢዎች ለይቶ ለመስማት ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ቃሉን አውጥቶ ቢያነብም ትርጉሙን ላያውቅ ይችላል። ከዚህ ግን ፎኒክስ ይቅርበት የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ሁለቱንም አብዝቶ ይሰጠው የሚል ነው የሚወጣው። ድጎማው ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲቀጠሩ መፍቀዱ ከክርክሩ ይልቅ ለልጁ የቀረበ መልስ ነበር።

ለወላጆች በተግባር የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። እንግሊዝኛን የሚማሩ ልጆች 21 እና ከዚያ በላይ ያሉበት የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት የእነዚህ ወላጆች የሚቀመጡበት አማካሪ ኮሚቴ ማቋቋም በሕግ ይጠበቅበታል፤ ለእነዚህ ልጆች የተመደበ ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ መጠየቅ የሚቻለው እዚያ ነው። ሌላው፣ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ የንባብ ችግር ቅድመ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ግዛቱ ያጸደቃቸው መመርመሪያዎች መካከል በአማርኛ የተዘጋጀ የለም። ልጁ በአማርኛ እንዴት እንደሚናገር፣ ፊደል መቁጠር ጀምሮ ከሆነ እንዴት እንደያዘው ለመምህሩ መንገር የወላጅ ድርሻ ይሆናል። በአማርኛ ፊደሉን በቀላሉ የያዘ ልጅ በእንግሊዝኛ ቢቸገር ምክንያቱ የቋንቋው አዲስነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሁለቱም የሚቸገር ከሆነ ግን «እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል» ተብሎ መቆየት የለበትም።

ከድጎማው በኋላ

ግዛቱ በ2022 እና በ2023 በጀቶቹ ለንባብ አሰልጣኞችና ባለሙያዎች እያንዳንዱ ጊዜ 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ። መጠኑ ከኤላ ቲ ገንዘብ እጅግ ይበልጣል። የተሰጠው ግን በንባብ ውጤት ሳይሆን በተማሪዎቹ የገቢና የቋንቋ ሁኔታ ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ አገረ ገዥ ኒውሰም፣ ራሳቸው ዲስሌክሲያ (ንባብን የሚያከብድ የመማር ችግር) ያለባቸው ሰው ናቸው፣ የወደቀውን ረቂቅ የተካውን የመግባቢያ ሕግ ፈረሙ። ግዛቱ በጥናት የተደገፉ የንባብ መጻሕፍትን መርጦ ያቀርባል፣ ለመምህራን ስልጠና 200 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል። ስልጠናውን መውሰድ ግዴታ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «ግዴታ አይደለም» የሚለው ነው። በፈቃደኝነት የሚሰጥ ስልጠናን ቀድመው የሚወስዱት መምህራን የተረጋጉበት፣ ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ የማይቀያየርበት ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። እንደ ላ ሳል ያለው፣ በየዓመቱ አዲስ መምህር የሚፈልገው፣ መጨረሻ ላይ ይደርሳል ወይም አይደርስም። የኤላ ቲ ድጎማ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከመጨረሻው ጀመረ፣ ዕቅድ ጠየቀ፣ ገንዘቡን ከአሰልጣኝ ጋር ላከ።

የ75ቱ ትምህርት ቤቶች የድጎማ ዘመን በ2024 ክረምት አበቃ። ከዚያ በኋላ የንባብ አሰልጣኟ ደመወዝ ከየዲስትሪክቱ መደበኛ በጀት ነው የሚመጣው፤ የተማሪ ቁጥር በቀነሰ ቁጥር በጀቱም ስለሚቀንስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ክፍል ይዛ የማታስተምር ሠራተኛ ቦታ ነው። ግዛቱ 200 ሚሊዮኑን ለስልጠና ሲያወጣ፣ ከሦስተኛ ክፍል ውጤት መጨረሻ ላይ ላሉት ትምህርት ቤቶች የአሰልጣኝና የዕቅድ ገንዘብ በየዓመቱ በበጀቱ ውስጥ ቋሚ መስመር ሊኖረው ይገባል። በአንድ ተማሪ 1,144 ዶላር ምን እንደሚያመጣ ካሊፎርኒያ በራሷ ትምህርት ቤቶች ላይ አይታለች፤ ሌላ ሕፃን ከሳሽ እስክትመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።